የሮቤራ የሚዞር ድምፅና የኔ ባጃጅ

«የአምስት ቀን ልፋቴን በዚህ ቆርቆሮ አትለካብኝም!»

ሮቤራ ነው የሚጮኸው፤ የተቀመጠው ደግሞ እዛው ቆርቆሮ፣ ባጃጄ ውስጥ። ነቀምቴ ላይ ዘፈን ሚክስ የሚያደርግ ሰው ሥራውን ሲጨርስ መጀመሪያ ባጃጅ ላይ ነው የሚሞክረው። ባጃጅ ላይ ያልደመቀ የትም አይደምቅም። የኔ ባጃጅ ግን የሚሠራለት የግራው ስፒከር ብቻ ነው።

ሮቤራን ሰሞኑን ስፓሻል የሚሉት ነገር ይዞታል። በማዳመጫ ስትሰማው ድምፁ ይዞርሃል፤ ከበሮው ከጀርባህ፣ ዋሽንቱ ከአናትህ በላይ። ዘፋኟ ሎሚ ያመጣችለትን የሠርግ ዘፈን እንደዛ ሠራና ተቀባዮቹን በቀኝ በኩል ወደ ኋላ ወሰዳቸው። እኔ ጋ ሲከፈት ሎሚ ታወጣለች፣ የሚቀበላት የለም።

«ሙሽሪትን ያለ ሚዜ ሰደድካት እኮ፣ ኦቦ ሮቤራ!»

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ አፍህን ያዝ!» ወረደ። መልሶ ገባ። ደግሞ ወረደ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሲሬ እስከ አኖ ሠርግ ያደመቀው በአንዲት ኪቦርድ ነው። ለዚህ ለሚዞር ድምፅ ሲል እሷን ሸጦ ስፒከር በስፒከር ሆነ። ተራው ሚክስ አንድ ቀን ይፈጃል፣ ይሄኛው አምስት፤ ዘፋኞቹ የሚከፍሉት ግን ያው ነው። ኪቦርዷን የገዛው የአኖ ሰውዬ ደግሞ «እስከ ቅዳሜ ብሬን ከመለስክ ውሰዳት፣ ከዛ በኋላ ለሌላ ነው» ብሎታል። ብሩ የሚገኘው ስፒከሮቹ ከተሸጡ ብቻ ነው።

ዛሬ ሐሙስ ነው።

ድምፄን አቅጥኜ ሎሚን ሆንኩ፦ «ኦቦ ኮ፣ የኔ ጌታ፣ መዞሩ ይቅርና ይጩህልኝ!»

ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው ተቆጣ። «እንወራረድ! በማዳመጫ ሰምታ መቶ ብር እንኳ ከጨመረችስ?»

«እስከ ክረምት ሠርግ ሁሉ በነፃ አመላልስሃለሁ። ካልጨመረችስ?»

ጥፍሩን በላ። «ነገ ስፒከሮቹን እሸጣለሁ።»

ሎሚ ተደውሎላት መጣች፣ ከኋላ ተቀመጠች፣ ማዳመጫውን አደረገች። ተቀባዮቹ ሲገቡ ዞር ብላ ከጀርባዋ ማን እንዳለ አየች! ሮቤራ ክንዴን ጨመቀኝ።

ሲያልቅ «ድገመው» አለች።

ደገመላት። እንደገና፦ «ድገመው።»

ቦርሳዋ ጭኗ ላይ፣ እጇ ዚፑ ላይ ነው። ዚፑ አልተከፈተም። ሮቤራ ቆሞ ዚፑን ያያል፤ እኔ እስከ ክረምት የሚፈጀውን ቤንዚን በልቤ እደምራለሁ።