አደይ የጠጣችው

ሲስተር ሰገነት ያደገችው ጣና ዳር፣ ደልጊ ነው። ልጅ ሆና ሆዷን በታመመች ቁጥር አባቷ ጤና ጣቢያ ወስደው ኪኒን ያሰጧት ነበር። እቤት ስትመለስ ያንኑ የሐይቅ ውኃ ትጠጣለች፤ ሰንበት ብላ ደግሞ ትታመማለች። ነርስ ሆና ባሕር ዳር ከተቀጠረች በኋላ በሽተኛ ሲመጣላት ከሕመሙ እኩል ቤቱን የምትጠይቀው ለዚህ ነው። ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ምን ላይ እንደሚተኛ፣ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ ሳታውቅ አትለቀውም። ባልደረቦቿ ልጅ ልትድር ነው እያሉ ይቀልዱባታል።

አደይን መጀመሪያ ሆስፒታል ያመጧት ቀን ግን ሰገነት እረፍት ላይ ነበረች።

አደይ በቆጋ መስኖ አካባቢ የሚያርሱት የቄስ ገብረ ኪዳን ምራት ናት። ልጃቸው ክንዱ ካገባት ዓመት አልሞላትም። ስትደርስ በላብ ተዘፍቃ፣ ለሃጯ እየወረደ፣ የዓይኗ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሎ ነበር። ተረኛው ሐኪም ዶክተር ሣህሉ ገና ሲያያት የተባይ መድኃኒት መሆኑን ለየ። ከዚያ አገር እንዲህ ሆነው የሚመጡት ብዙዎቹ በገዛ እጃቸው የጠጡ ናቸውና ካርዷ ላይ ያንኑ ጻፈ። ሕክምናው አዳናት። አልጠጣሁም ብትል ግን የሚያምናት አጣች፤ ክንዱ እንኳ አልጋዋ አጠገብ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የሚቀመጠው።

ቤት ስትመለስ አማቷ ወለተ ሚካኤል የመስኖውን የተባይ መድኃኒት ሁሉ ሰብስባ ቆለፈችበት። አደይ ብቻዋን እንዳትሆን የጎረቤት ሴት ተመደበባት። ቄስ ገብረ ኪዳን ነፍሱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት እንደሌለው ስለሚያስቡ ይመስላል፣ ዓይኗን ማየት አቃታቸው። እሷም ሐኪሞቹ ፈሳሽ አብዢ ብለዋት ስለነበር ጎጆዋ ውስጥ ተቀምጣ ውኃ ትጠጣለች።

ብዙም ሳይቆይ ያው ሕመም ጥሏት ሆስፒታል ተመለሰች።

በዚህ ጊዜ ሰገነት ሥራ ላይ ነበረች። አደይ ነፍስ ስትዘራ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ስለ መርዝ አላነሳችባትም፤ ከጧት ጀምሮ የዋለችውን አንድ በአንድ እንድትነግራት ለመነቻት። አደይ ሽንኩርት ስትኮተኩት እንደ ዋለች፣ ደክሟት ውኃ ጠጥታ እንደ ተኛች ነገረቻት። ክንዱ ግን የሚበላውም የሚጠጣውም እናቱ ዘንድ ወይም እርሻ ላይ ነው።

"ውኃውን በምን ቀዳሽው?" አለች ሰገነት።

"በጀሪካን። ክንዱ ከገበያ ያመጣልኝ ነው፣ ሰማያዊው።"

"ቀድሞ ምን ነበረበት?"

አደይ ትንሽ አመነታች። "የመስኖ መድኃኒት። ግን በአመድም በግራዋም አጠብሁት፤ አሁን አይሸትም እኮ፣ ሲስተር።"

ሰገነት ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ጀሪካን እንዳለው ጠየቀች። አደይ እንደ ቀላል ነገር መለሰችላት፤ ክንዱ ሰሞኑን ለእናቱም እንዲያ ያሉ ጀሪካኖች ገዝቶላት ነበር፣ ነገ የሚካኤል ማኅበር እነሱ ቤት ስለሆነ ጠላው የተጠመቀው በእነዚያ ነው።

ሰገነት ተነስታ ወጣች። ክንዱን ከሆስፒታሉ ግቢ ጠርታ ነገረችው፤ ስልክ ቢሞክር እነሱ ዘንድ ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል። ዶክተር ሣህሉ ሰምቷት ሲያበቃ ወደ መድኃኒት ክፍል ገባና ያለውን የመርዙን ማርከሻ፣ አትሮፒን፣ አውጥቶ ሰጣት። ሥራዋን እንደሚሸፍንላት ነግሮ ቶሎ እንድትሄድ አሳሰባት።

መንገዱ በጸጥታው ችግር በዚያ ሰሞን አንዴ ክፍት አንዴ ዝግ ነው። መርዓዊ እስኪደርሱ ሁለት ቦታ አስወርደው ፈተሿቸው። ከመርዓዊ ወዲያ ባጃጅ ያዙ።

የቄሱ ግቢ ድግስ ያለበት አይመስልም፤ ጭር ብሏል። ወለተ ሚካኤል ጋቢ ለብሳ መደብ ላይ ተጋድማለች። ጠላውን ስታጣራና ስትቀምስ አርፍዳ ድንገት ላብ አጠመቃት። ጎረቤቶቹ ምች ነው ብለው ዳማ ከሴ ጨምቀው ያሸቷታል። ሰገነት ጋቢውን ገልጣ ዓይኗን አየች፤ መርፌውንም ወዲያው ወጋቻት። ባጃጁ ላይ ሲያሳፍሯት ግን ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር። ከተማ ሳይደርሱ በልጇ እቅፍ ውስጥ አረፈች።

ከመሳፈራቸው በፊት ሰገነት ማንም ከጠላው እንዳይቀምስ ለቄሱ ነግራቸው ነበር።

"ነገሩ ከጀሪካኑ ነው ትይኛለሽ?" አሏት።

"አዎ አባ። አደይ ውኃ እንጂ ሌላ አልጠጣችም።"

ቄሱ የበሩን መቃን ያዙ። "የሞተችብን ጥጃም ከሱ ጠጥታ ነበር" አሉ። "እባብ ነደፋት ብለን ቀበርናት።"

በቀብሩ ቀን ሌላ ወሬ ተነሳ። መርዝ የለመደችው ምራት አማቷን ጨረሰቻት ተባለ። አደይ ያን ጊዜ ባሕር ዳር አልጋ ላይ መሆኗን የሚያውቁት ሁሉ ያወሩት ነበር። የሟች ወንድም አካሉ ደሟ በከንቱ አይቀርም ብሎ መዛቱን ክንዱ ሰማ፤ አካሉ ለቅሶው ላይም ጠመንጃውን ይዞ ነበር የተቀመጠው።

ፍትሐቱ ሲያበቃ ቄስ ገብረ ኪዳን መስቀላቸውን ይዘው ሕዝቡ ፊት ቆሙ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበርና ሰው ለመስማት ተጠጋ።

"ሚስቴን የገደላት ልጄ ወዶ የገዛላት ጀሪካን ነው" አሉ። "እኔም አይቼ ዝም አልሁ። በልጅቱ ላይ እጁን የሚያነሳ ሰው ይህን መስቀል አይሳለምም።"

አካሉ ጠመንጃውን አንግቶ ከለቅሶው ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያን ቤት አልረገጠም። ቄሱ ጀሪካኖቹን በማጭድ ቀደው ከእርሻው ርቀው ቀበሩ። አደይን ራሳቸው ባሕር ዳር ሄደው አመጧት። ጣቶቿ ዛሬም ይንቀጠቀጣሉ፤ ሲመሽ ደጅ አትወጣም።

ሰገነት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር በመድኃኒት ጀሪካን ውኃ እንዳይያዝ እየመከረች በዚያው መንደር ቤት ለቤት ዞረች። ቀብሩ ላይ የነበሩ ሰዎች ለሟቿ አዘኑ፣ የምትለውን ሁሉ አዎ አዎ እያሉ ሰሙ። ከየበሩ ጥግ ሰማያዊ ጀሪካኖች ውኃ ሞልተው ተደርድረዋል። መጨረሻ በገባችበት ቤት አንዲት ሴት ፀሐይ መትቷችኋል ብላ መደቡን አነጠፈችላቸው። ከዚያ ጀሪካኑን አዘንብላ በጣሳ ውኃ ቀዳችና፣ ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ፣ ለሰገነት ዘረጋችላት።