ለቁጥጥር ቀን የምትመጣ እናት

በሕንዷ ቼናይ ከተማ ዳርቻ፣ ከወንዝ ዳር የተነሡ ሰዎች በሰፈሩበት ሕንፃ፣ ማላር ፊት ለፊቷ ወዳለው ቤት የምትመጣውን አሮጊት ስሟን እንኳ ጠይቃት አታውቅም። የቤቱ ባለቤት ቬሉ የሚኖረው መሀል ከተማ ነው። መንግሥት የሰጠው ቤት ሰው ካልኖረበት ስለሚነጠቅ፣ ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ቀን አሮጊቷን በሞተር ሳይክል ያመጣና «እናቴ ናት» ይላል።

አሮጊቷ ጫማዋን እንደ ሌላው ሰው ደጅ አትተውም፤ በፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ሥር ትይዘዋለች። ማንም ሳያዛት የጣሪያውን የሸረሪት ድር ታወርዳለች።

«ለእርስዎስ ቤት አልደረሰዎትም፣ እማማ?» አለቻት ማላር አንድ ቀን።

«የኔንም ጎጆ አፍርሰውታል። ግን ቤት የሚሰጠው ለቤተሰብ ነው፤ ብቻዋን ያለች ሴት ደግሞ ቤተሰብ አይደለችም አሉኝ።»

ዛሬ ተቆጣጣሪው መጣ። ቬሉ እናቱን እንደሚያከብር ልጅ ጎንበስ ብሎ እግሯን ዳሰሰ፤ «እማዬ» እያለ ውሃ አቀረበላት። ተቆጣጣሪው ይህን አይቶ ደረጃውን ወረደ። አሮጊቷ ግን ይዛው የመጣችውን ሩዝ ጥዳ ነበር።

«ልጄ፣ ሊበስል ነው፤ ቀምሰህ ሂድ» አለችው።

«ሰውየው ሄደ እኮ፣ አንቺ አሮጊት! አሁን ደግሞ ድራማው ለማን ነው?» ብሎ ቬሉ ምድጃውን አጠፋ።

ማላርም በሯ ላይ ቆማ፣ ሳታስበው ከት ብላ ሳቀች።