የሰሊጥ ዘይት የነካው ፍሬን

ትናንት ሃርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር፣ አንድ ሱቅ በር ላይ መኪናዬን አቁሜ የእጅ ፍሬኑን እስከ ጥጉ ስስበው፣ አብሮኝ የነበረው የመጨረሻው ልጄ ሳቀብኝ። "እማዬ፣ ሜዳ ላይ እኮ ነን። ወዴት ይሄድብሻል?" አለኝ።

ከተማችን ለሁለተኛ ጊዜ በተኩስ ስትናጥ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ በእግሩም በአህያ ጋሪም ወደ ድንበሩ ከተማ ወደ ወጃሌ ይወጣል። እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ፍራሽ ላይ ስለነበረች፣ ተስፋችን የወንድሟ የዩሱፍ አሮጌ ፒክአፕ ብቻ ነበር። የእጅ ፍሬኑ ግን አይይዝም፤ ማርሽ ውስጥ ቢተዉትም እየዘለለ ይወጣል። በደህናው ቀን ከጎማው ሥር ድንጋይ መሸጎጥ ይበቃል፤ ሃርጌሳ ደግሞ ድንጋይ ቸግሯት አያውቅም። ችግሩ የከተማው መውጫ ኬላ ቁልቁለት ላይ መሆኑ ነው። ታጣቂዎቹ ሾፌሩንም እጁን አስነስተው ያስወርዳሉ፤ ድንጋይ ልሸጉጥ ብሎ ያጎነበሰ፣ መሣሪያ ሊያነሳ ነው ተብሎ ይተኮስበታል። እናቴ መውረድ አትችልም። መኪናው ከተንሸራተተ እሷን ይዞ ነው።

አጎቴ ልብስ ነጋዴ እንጂ መካኒክ አልነበረም። ቢሆንም ጊቢያችን ውስጥ በክሪክ አነሳነውና የኋላ ጎማውን ፈትተን የፍሬኑን ታምቡር ከፈትን። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረቱ ብቻ ቀርቷል። ሰፈር ውስጥ በጥይት ከተበሳሳ ተመሳሳይ መኪና ላይ ደህና ሸራ ፈትተን አመጣን።

"መጀመሪያ ብሉ፣ ብረት በባዶ ሆድ አይታገሉትም" አለች እናቴ። ድሬዳዋ ስላደግን ቤት ውስጥ የምናወራው በአማርኛ ነበር። እንደ ሃርጌሳ ወግ እንጀራ መሳዩን ስስ ቂጣ፣ ለሆህን፣ በሰሊጥ ዘይትና በስኳር አጥቅሰን በላን። ውሃ ብርቅ ስለነበር ጣታችንን ልሰን ወደ ሥራችን ተመለስን።

ገጥመን በራችን ቁልቁለት ላይ ስንሞክረው መኪናው ቀስ እያለ ወረደና የጎረቤት እሾህ አጥር ውስጥ ገብቶ ቆመ። መልሰን ፈታነው። አጎቴ ሸራውን አሸተተና ቁጭ አለ።

"ቁርሳችንን ነው የቀባነው" አለ። "በቃ፣ ነገ እንየው።"

"አብቲ" አልኩት፣ አጎትን በሶማልኛ እንደሚጠሩት፤ "ነገ የማን ነው? አምጣው።"

እጃችንን በአመድ ፈተግን። ሸራውን ከሰል ላይ ይዘን ዘይቱ እስኪጨስ አተኮስነው፤ ከዚያ ሸካራ ድንጋይ ላይ ፈገፈግነው። ጉልበቴ እስኪላጥ ተንበርክኬ ነው የሠራሁት። እናቴን ትቼ የምሄድበት አገር አልነበረኝም። በድጋሚ ስንሞክረው ያዘ።

በማግስቱ ኬላው ላይ "ውረዱ" ተባልን። አጎቴ ፍሬኑን በሁለት እጁ ሳበና ቢስሚላህ ብሎ እግሩን አነሳ። እጃችንን ከፍ አድርገን ወረድን። መኪናው ጓ ብሎ ትንሽ ተነቃነቀ። ከዚያ ግን ቆመ። ከውስጥ የእናቴ ድምፅ በአማርኛ ተሰማኝ፤ ታጣቂው እንዳይገባው ነው።

"ሰሊጡ ለቋል ማለት ነው" አለች።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖራ አልጋዋ ላይ አረፈች። መኪና ባቆምኩ ቁጥር ግን ዛሬም ከኋላዬ ተቀምጣ ትታየኛለች፤ ትናፍቀኛለችም። ለልጄ ይህን ሁሉ አላወራሁለትም። "እኔ ስወርድ ውስጥ የሚቀር ሰው አለ" ብቻ አልኩት።

ዞር ብሎ ባዶውን የኋላ ወንበር አየ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ፍሬኑ መያዙን ሞከረልኝ።