የጉና ቀይ ካርታ

ነስሪን ሙሐዲን የደብረ ታቦር ልጅ ናት። አባቷ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እሷን ግን ሒሳብ ስቧት እዚያው ከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መምህርት ሆነች። የመረጠችው ጥናት የሰደድ እሳት ነበር። ቤተሰቧ "እሳት ደግሞ ምኑ ይጠናል?" ሲሏት፣ ዱር ሲነድ ጭሱ አገር አቋርጦ የዓለምን አየር እንደሚያሞቅ፣ የሞቀው አየር በተራው ዱሩን እያደረቀ ለሚቀጥለው እሳት እንደሚያመቻች ታስረዳቸዋለች። ይህን በኮምፒውተር የሚያሰሉ የውጭ አገር ተመራማሪዎች የጉናን ተራራ አያውቁትም። በእነሱ ሞዴል ተራራው በሙሉ የእርሻ መሬት ተብሎ ተቀምጧል። ይህ ያንገበግባት ነበር።

ስለዚህ በየወሩ ጉና ትወጣለች። አስታ ከሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ቆርጣ ትመዝናለች፤ ምን ያህል ውሃ እንደያዘ ለማወቅ አድርቃ እንደገና ትመዝናለች። ልኬቱንም ለእነዚያ ተመራማሪዎች ትልካለች። መንገድ የሚመሯት ቤታቸው ከአስታው ግርጌ የሆነው ገበሬ አቶ ሙላቴ ነበሩ። ዝናብ ሲይዛት ቤታቸው ትጠለላለች፤ ሥጋቸውን እንደማትበላ ስለሚያውቁ ሽሮ ያሠሩላታል።

አምና ጥር ላይ አስታው ደርቆ ጭድ መሰለ። ነስሪን ስሌቷን ሠርታ እሳት የሚያሰጋውን ቦታ በቀይ የሚያሳይ ካርታ አወጣች፤ ከአቶ ሙላቴ ቤት በላይ ያለው ተረተር ደም መስሏል። ካርታውን ይዛ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄደች፤ እሳት ማገጃ እንዲጠረግ ለመነች። ኃላፊው መንገዱ ሰላም አይደለም፣ ነዳጅም የለም አሏት። ካርታውን ግን ተቀበሏት።

የካቲት ላይ ተረተሩ ነደደ። አቶ ሙላቴና ጎረቤቶቻቸው በእርጥብ ቅጠል እየደበደቡ ሊያጠፉት ታገሉ። እሳቱ አስታውንም የጓሳ ሣሩንም ጨርሶ፣ ነፋሱ ሲዞር ቆመ። ከበላይ አለቆች "ማን ለኮሰው?" የሚል ጥያቄ ወደ ቢሮው መጣ። ያን ጊዜ ካርታው ከኃላፊው መሳቢያ ወጣ፤ አቶ ሙላቴ ታሰሩ።

ነስሪን ወደ ቢሮው ሮጠች።

"ቀዩ የደረቀውን ቦታ ነው የሚያሳየው። ማን እንደለኮሰ አያሳይም" አለች።

"ከዚህ ይነሳል ያልሽው አንቺ አይደለሽም?" አሏት ኃላፊው። "ተነሳ። ለተረተሩ ደግሞ ከሰውዬው ቤት የቀረበ የለም።"

"ሊነሳ ይችላል ነው ያልኩት።"

"ጥናትሽ ጠቅሞናል፤ እናመሰግናለን።"

አቶ ሙላቴ ታስረው ቆይተው ያለ ክስ ተለቀቁ። ግጦሹ አመድ ሆኖ ስለቆያቸው በጎቻቸውን እብናት ገበያ ወስደው ሸጡ። ነስሪን ይቅርታ ልትጠይቅ ወጣች። ደጅ ላይ ቆመው ተቀበሏት፤ ግቢ አላሏትም።

"ጋሽ ሙላቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ለዚህ ይውላል ብዬ አልነበረም።"

"አውቃለሁ ልጄ" አሉ። "እሳቱስ ቤቴን ትቶልኝ ሄዶ ነበር። ወረቀትሽ ነው ያልተወኝ። በይ ሳይመሽ ውረጂ።"

ብዙም ሳይቆይ ከተመራማሪዎቹ መልእክት ደረሳት። በእሷ ልኬት ሞዴላቸው ታርሟል፤ ጉና ከእንግዲህ እርሻ ሳይሆን አስታ ተብሎ ተመዝግቧል፤ የእሳቱ ጭስም ከዓለም ጭስ ጋር ተደምሯል። የመጪውን በጋ ልኬትም እንድትልክላቸው ጠየቋት። አልችልም ብላ መለሰች።

አሁን ለጀማሪ ተማሪዎች ሒሳብ ታስተምራለች። ስለ እሳት ላጥና የሚል ተማሪ ሲመጣባት፣ ሌላ ርእስ ፈልግ ብላ ትመልሰዋለች።