የእነሱ «ሃዬ»፣ የእኔ «እሺ»

ጅግጅጋ የእንስሳት ክትባት ቡድን አስተባባሪ ሆኜ የመጣሁ ሰሞን፣ እንደኔ ስብሰባ መምራት የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ስናገር ባልደረቦቼ በየመሀሉ «ሃዬ» ይሉኛላ!

«ሐሙስ አዲጋላ እንወርዳለን።»

«ሃዬ።»

«ፍየሎቹ ተሰብስበው ይጠብቁናል።»

«ሃዬ።»

ሚስቴ እንኳ እንዲህ ተስማምታልኝ አታውቅም። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ሐሙስ ገና ሳይነጋ፣ ክትባት የያዘውን የበረዶ ሳጥን ታቅፌ የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። የመጣው ሾፌሩ ብቻ ነው፤ እሱም ሸሚዙን ተኩሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ።

«ሰዎቹስ?» አልኩት።

«ሰርግ ናቸዋ። ኤዶ ልጇን ቀብሪበያ ትድር የለ?»

ኤዶ አንጋፋዋ ከታቢያችን ናት። በሶማሊኛ አክስቴ ማለት ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራት።

«ሁሉም ሃዬ ብለውኝ?»

መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀብኝ። «አለቃ፣ ሃዬ እኮ እሺም ይሆናል፣ ‹እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል›ም ይሆናል። እነሱ ጨዋ ስለሆኑ እያዳመጡህ ነበር።»

«አንተስ ለምን መጣህ?»

«ኤዶ ላከችኝ። በጠዋት ካልያዝከው ሥራ ይገባል አለች።»

ደወልኩላት።

«ኤዶ፣ አዲጋላ አልተባባልንም?»

«ቀልድህን መስሎን! ልጄን ሐሙስ እድራለሁ ስልህ፣ ‹እሺ እሺ፣ ቀድሜ የምደርሰው እኔ ነኝ› አላልክም?»

ብያለሁ። ኮምፒውተሬ ላይ እንዳፈጠጥኩ፣ ቀና እንኳ ሳልል ብያለሁ። የእነሱ ሃዬ ቢያንስ ጆሮ አለው፤ የእኔ እሺ ያም የለውም።

ግን የጨነቀኝ የአዲጋላ ነገር ነው። ሰዎቹ ፍየላቸውን ከየበረሃው ነድተው መጥተው እኛ ከቀረን፣ ሁለተኛ ማንም አያምነንም። እዚያ ሰው የሚሰበስቡልን፣ በሶማሊኛ አዴር፣ አጎቴ፣ የምንላቸው አንድ ሽማግሌ አሉ፤ በፍጥነት ደወልኩ።

«አዴር፣ ይቅርታ፣ ዛሬ ሰርግ ስላለብን የምንመጣው ቅዳሜ ነው።»

«ሃዬ።»

«ፍየሎቹ ዛሬ እንዳይነዱ።»

«ሃዬ።»

ይሄ የትኛው ሃዬ ነው?

«አዴር፣ በሞቴ፣ ያልኩዎትን እስቲ መልሰው ይንገሩኝ።»

«ዛሬ አትመጡም። ፍየሎቹ ባሉበት ይዋሉ። ቅዳሜ ትመጣላችሁ።» ከዚያ ጨመሩ፣ «አንተ ልጅ፣ ማታ አልተኛህም እንዴ?»

ክትባቱን ወደ ማቀዝቀዣው መልሼ፣ ከሾፌሩ ጋር ቀብሪበያ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ጭብጨባ ሆነ። ሩዝና የፍየል ሥጋ ቀረበልኝ፤ ፍየሏ ተከትባ እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ቅዳሜ አዲጋላ ስንደርስ ከፍየሉ ብዛት መኪና ማቆሚያ አጣን። ሽማግሌው መጥተው ጨበጡኝና፣ «ቅዳሜ አልክ፣ ቅዳሜ መጣህ» አሉኝ። ያን ቀን ኤዶ ስትከትብ እኔ ፍየል ያዝኩ፤ በትክክል ለመናገር ፍየሎቹ ናቸው እኔን የያዙኝ።

ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ስጨርስ «ተስማማን?» ማለት ትቻለሁ። እያንዳንዱ ምን ሊሠራ እንደሆነ በራሱ አፍ ይናገራል። ስብሰባው ረዘም ይላል፣ ግን መኪናው ባዶውን አይቆምም። ባለፈው ሰኞ ሁሉም ተናግረው ሲጨርሱ ኤዶ ወደ እኔ ዞረች።

«አለቃስ? ቅድም ስነግርህ እሺ ያልከኝ ምን ነበር?»

ስልኬን ከጠረጴዛው ሥር ቀስ አድርጌ ኪሴ ከተትኩ።

«ኤዶ፣» አልኳት፣ «እስቲ አንዴ ድገሚልኝ።»