መሶፎኗን አላምናትም ነበር

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ስጠረጥር ነው የኖርኩት። ስለዚህ የሥራ ኃላፊያችን አንድ ቀን ጠዋት በእጅ የምትያዝ፣ ስክሪን ያላት መሣሪያ አምጥቶ «ይቺ መሶፎን ትባላለች፤ ከዛሬ ጀምሮ የምትመራችሁ እሷ ናት» ሲለን ገና ሳያት ጠላኋት።

የምሠራው እስራኤል አገር፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ፣ የሱፐርማርኬት ዕቃ በሚከማችበት መኽሳን ነበር። ድሮ ዕቃውን ለሱቆች ነበር የምንጭነው። በኋላ ሰዉ ሱቅ መሄድ ሰለቸውና ከቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር ማዘዝ ጀመረ። አጠገባችን ጊቫት ሽሙኤል ያለች ሴትዮ ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ «ቲማቲም፣ በጣም ያልበሰለ» ብላ ትጽፋለች፤ ትእዛዙ መሶፎኗ ላይ ይመጣል፤ እኔ ጋሪ እየገፋሁ እለቅምላታለሁ። ወይ ጉድ! ሳያዩ ቲማቲም መግዛት! እናቴ ጎንደር ገበያ ዶሮ ስትገዛ ክንፏን ገልጣ፣ ደረቷን ዳብሳ፣ ባለዶሮውን አስለቅሳ ነው።

መሶፎኗ ቆም ካልኩ ትጮሃለች። ማን እንደፈጠነ፣ ማን እንደዘገየም ለኃላፊው ትነግረዋለች፤ አሳባቂ ጎረቤት በሏት። አብራኝ የምትሠራው የትግራይ ልጅ፣ ጓደኛዬ፣ «ዕቃ እኮ ናት፣ ምን አደረገችሽ?» እያለች ትስቅብኛለች። እኔ ግን በዚያ ሥራ ቀልድ አላውቅም ነበር። ሻአሪያ ሰፈር ሰፋ ያለ ቤት የተከራየሁት ለእናቴ ብዬ ነው። እሷ ጎንደር ሆና ወደ እስራኤል የምትመጣበትን ተራ ስትጠብቅ ዓመታት አልፈዋል። አልጋዋን አንጥፌ፣ መጋረጃዋን ሰቅዬ ነው የምጠብቃት። ሥራው ከቀረ ክፍሏም ይቀራል።

አንድ ቀን ታዲያ ገና ስገባ ነገሩ ሁሉ አላማረኝም። ጓደኛዬ ዓይኔን ሸሸች። ከባድ ከባዱን፣ የውሃውንና የዘይቱን ካርቶን፣ ሳልጠይቃት ከጋሪዬ እየነጠቀች ወሰደችልኝ። ኃላፊው፣ ለወለደችው እናቱ እንኳ ፈገግ የሚል የማይመስለው ሰው፣ አጠገቤ መጥቶ በዕብራይስጥ «ሁሉም በሰደር፣ ሁሉ ደህና? ቀስ በይ፣ አትቸኩዪ» አለኝ። አትቸኩዪ! ዓመት ሙሉ «ያላ፣ ያላ!» እያለ ሲያጣድፈኝ የከረመ ሰው! መሶፎኗ አሳብቃብኛለች፣ ሊያባርሩኝ ነው አልኩ።

በምሳ ሰዓት ጓደኛዬን ያዝኳት። «ሊያባርሩኝ ነው አይደል? ንገሪኝ!»

«ኧረ ማን ያባርርሻል?» አለች ሳህኑን ወደ እኔ እየገፋች። «ይልቅ ብዪ። በሞቴ፣ ትንሽ ጉረሺ።»

ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እያወቀች ደበቀችኝ ብዬ ቂም ያዝኩባት።

ከምሳ በኋላ እንደ እብድ ሮጥኩ። ማን እንደሆንኩ ላሳያት ብዬ መሶፎኗ ፋታ እስክታጣ ለቀምኩ። በልቤም እናቴን «አይዞሽ፣ ክፍልሽን አላስነካም» እላት ነበር።

ሥራ ስንጨርስ መሶፎኗ የሚቀጥሉትን የሥራ ቀኖቻችንን ታሳየናለች። ዕብራይስጥ የማነበው ፊደል በፊደል ነው። ነገ የለሁም። ሳምንቱን ሙሉ የለሁም። «ይኸው! አላልኩሽም?» ብዬ ጮህኩ። ከሥሩ ግን «ምክንያት» የሚል ነበር፣ ቀጥሎም አንዲት አጭር ቃል፤ ሺቫ።

ሺቫ የሰባት ቀን ሐዘን ነው፤ የሚቀመጠውም ሰው የሞተበት ነው።

ቀና ስል ጓደኛዬ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። በእኛ ወግ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ማለዳ፣ በገዛ ቤት፣ ሽማግሌና ዘመድ ከበው ነው የሚያረዱት። ክፋር አቭራሃም ሰፈር ያለው አጎቴ ሌሊቱን ከጎንደር ተደውሎለት ለጓደኛዬ ነግሯት ኖሯል፤ ቀኑን እንድትይዘኝ፣ እሱና ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ማለዳ እንደሚመጡ። እሷም ፈቃድ ልታስወጣልኝ ለኃላፊው ነገረችው፤ እንዳይነግረኝም ለመነችው። ሰውየው ቃሉን ጠብቋል፣ ትንፍሽ አላለም። በቦታዬ ሌላ ሰው ለመመደብ ግን ምክንያቱን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈው።

«እናቴ ናት?» አልኳት።

አቀፈችኝ። መሶፎኗ እጄ ላይ ሆና ጮኸች፤ ቆሜ ነበራ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አጎቴ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ በሬን ሲያንኳኳ፣ እኔ እናቴ ባልተኛችበት አልጋ ጫፍ ተቀምጬ እየጠበቅኳቸው ነበር።