ለጄኔሬተሩ የተሰጠው ውሃ

ጄኔሬተሩ የተሠራው ለመዝናኛ ጀልባ ነበር። ይህን የነገረን ከዋጃ የመጣው መካኒክ ነው። ነጩን ሳጥን ከፍቶ ራዲያተር ፈለገ፤ ሲያጣ ሳቀ። ባሕር ላይ ሀብታሞች ተጋድመው ፀሐይ ሲሞቁ፣ ከሥራቸው ሆኖ ማቀዝቀዣቸውን የሚያሠራ ሞተር ነው አለን። ራዲያተር አያስፈልገውም፤ ባሕሩን ራሱን እየጠጣ ይበርዳል፣ የሞቀውን ውሃ ደግሞ ከጭሱ ጋር መልሶ ይተፋዋል።

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ያየሁት ትልቁ ውሃ በክረምት ከተራራው የሚወርደው የጎሊና ወንዝ ጎርፍ ነው። እሱም ከሰዓት በኋላ እያጓራ መጥቶ በማግስቱ አሸዋ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ከቆቦ በታች ባለው ሜዳ ሃያ ስድስት አባወራዎች ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ እናጠጣለን። ፓምፑ በመብራት ነበር የሚሠራው። ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ፤ ዛሬ ይጠገናል ነገ ይጠገናል ሲባል ሽንኩርቱ መሬት ላይ እያለ መጠውለግ ጀመረ። ከአፋሮች ጋር የሚነግድ አንድ የከተማ ሰው ከጅቡቲ ያስመጣውን ጄኔሬተር አዋጥተን የገዛነው በዚያ ጭንቀት ውስጥ ነው። ከምን ላይ እንደወረደ የጠየቀ አልነበረም። መነሣቱን ብቻ አየን፣ ተነሣ፣ ጫንነው።

በቤታችን ግን ከሽንኩርቱ ጋር የታሰረ ሌላ ነገር ነበር። እህቴ ልቧ ወደ ሳዑዲ ከሸፈተ ቆይቷል። አብሮ አደጎቿ በአፋር በኩል በረሃውን አቋርጠው ሄደዋል፤ የደረሱም አሉ፣ ወሬያቸው የጠፋም አሉ። አባቴ ያስቀራት ሽንኩርቱ ሲደርስ ጎብዬ ከተማ ላይ ትንሽ ሱቅ ሊከፍትላት ቃል ገብቶ ነው። "ይቺን ሽንኩርት ብቻ ታገሺኝ" አላት። ታገሠችው። ጠዋት ጠዋት መደቦቹን እየዞረች የሽንኩርቱን አንገት በሁለት ጣቷ ስትለካ አያት ነበር።

የጄኔሬተሩ ጠባቂ የተደረግሁት እኔ ነኝ። ሳጥኑ ውስጥ የተገኘውን የእንግሊዝኛ መመሪያ አነባለሁ ብዬ ስለተኩራራሁ ነው። ትምህርቴን ካቋረጥኩ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ፣ በዘር ከረጢት ጀርባ ላይ ሳይቀር ግጥም እየጻፍኩ እንደምውል ሁሉም ያውቃል። መካኒኩ ቀልዱ አያልቅበትም። "አንታ ገጣሚ፣ ይኼ ግጥም አይገባውም፤ ውሃ ስጠው" እያለ ሥራውን አስተማረኝ። ማለዳ ዘይቱን ማየት፣ የውሃ ማጣሪያውን ከደለል ማጠብ፣ በባሕሩ ፈንታ ከፓምፑ ቱቦ በቫልቭ እየተቀዳ የሚሞላው በርሜል ካልሞላ አለማስነሣት። ከበርሜሉ ውሃ የሚስብለት ስድስት ክንፍ ያለው አንድ የጎማ መዘውር አለ። ለጥቂት ጊዜ እንኳ በደረቁ ከዞረ ይቃጠላል። ምትኩ ቆቦም አላማጣም አይገኝም፤ አንድ ጊዜ መካኒኩ ከመኪና ጎማ በቢላዋ ቀርጾ ሠርቶልናል።

ጠቡ የመጣው ሞተሩ በሚተፋው ውሃ ነው። መጀመሪያ ወደ ቦዩ እንዲመለስ አድርገነው ነበር። በማግስቱ ለዙሁር ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ቦዩ ዳር የተቀመጡት ሽማግሌዎች ውሃው ላይ ጥቁር የጥላሸት ቆዳ ተንሳፎ አገኙ። በዚህ አይታጠቡም። ስለዚህ ወደ ደረቁ ገደል እንዲፈስ ሆነ። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ጩኸት ተነሣ። ሰው በአሥራ አንድ ቀን አንዴ ተራ በሚደርሰው አገር፣ ጥሩ ውሃ ለማንም ሳይሆን ገደል ሲገባ ቆሞ ማየት አልቻልንም። ባሕር ላይ የተሠራ ነገር ስለ ውሃ አይጨነቅም። እኛ ደግሞ ሌላ የምንጨነቅበት ነገር የለንም።

ነገሩን የቋጩት የውሃ አባት ናቸው፤ ተራ የሚያካፍሉት፣ በውሃ ጉዳይ ቃላቸው የመጨረሻ የሆነው ሽማግሌ። "እንግዲህ ሃያ ሰባተኛ አባል ነው" አሉ። "መሬት የለውም፣ ተራ ግን አለው። ተራውም ሁልጊዜ ነው።" ዱዓ ተደረገ። ወደ በርሜሉ የሚሄደውን ቫልቭ የነካ የውሃ ሌባ ተባለ። ቅጣቱም የቆየው ቅጣት ነው፤ የሰረቀው የቤቱ ወንድ ከሆነ ቤቱ ከጉድጓዱ ለዘለዓለም ይወጣል። ሴት ልጅ ነገ ተድራ የምትሄድ ናት ስለሚባል በስሟ ተራ የላትም፤ ብትሰርቅም የሚወሰድባት የለም፣ ስሟ ብቻ ይጠፋል።

ጄኔሬተሩ ሲግል ራሱን ያጠፋ ነበር። ማጣሪያው ደለል ሲይዝ ሁለት ጊዜ እንዲህ ጠፋ፤ የሁለት ሰው ተራ መከነ። አባላቱ መካኒኩን ወጥረው ያዙት፣ እሱም የሚያጠፋውን ሽቦ ቆርጦ ቀጠለው። ሲሄድ አልቀለደም። "ከዛሬ ጀምሮ የሚያየው ያንተ ዓይን ነው" አለኝ።

የአባቴ ተራ ሲደርስ የጉድጓዱ ውሃ በጣም ወርዶ ነበር። ከቱቦው የሚወጣው ክንድ የሚያህል የነበረው የእጅ አንጓ አክሏል። አባቴ ላይኛው ጫፍ ላይ ነበር፣ እህቴ ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ሆና በአካፋ ውሃውን ከመደብ ወደ መደብ ትመራለች። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ገና ግማሹ አልጠጣም። ያልጠጣው ደግሞ ሽንኩርቱ ራስ የቋጠረበት ነው። ወደ እኔ መጣች። ምንም አልጠየቀችኝም። ገደሉ ውስጥ የሚፈሰውን ውሃ አየች፣ እኔንም አየች፣ ወደ መደቧ ተመለሰች።

ቫልቩን ግማሽ ድረስ ዘጋሁት።

በቱቦው ውስጥ ውሃው ሲጨምር ሰማሁ። እህቴ ቀና አለች። ጥቂት ቆይቶ ጭስ ማውጫው ውሃ መትፋቱን ትቶ ነጭ እንፋሎት ያወጣ ጀመር። አየሁት። አላየሁም ማለት አልችልም፤ ሥራዬ ማየት ነው፣ ግጥም የምጽፈውም አያለሁ ብዬ ነው። አራት መደብ ቀርቷታል ብዬ ቆጠርኩ። ሦስት። ሁለት ላይ ስትደርስ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ቫልቩን ገና ሳልከፍተው ድምፁ ወፈረ፣ አቃሰተ፣ ቆመ።

ሰው ከየማሳው ተሰበሰበ። የውሃ አባት ጎንበስ ብለው ቫልቩን ነኩ፤ ግማሽ ነበር። ማን እንደነካው ጠየቁ። አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

"እኔ ነኝ" አለች እህቴ። "እሱ ማጣሪያ ሊያጥብ ሄዶ ነበር፣ አላየኝም።"

የጮኸ የለም። አንድ ጎረቤታችን ብቻ፣ "ሱቅሽን በሃያ ስድስት ቤት ላይ ነው የምትከፍችው?" አላት። አካፋዋን መሬት ላይ አጋደመች። እኔም አፌን ዘጋሁ።

መካኒኩ መጥቶ ሲፈታው የጎማው ክንፎች ተበጣጥሰው ቱቦው ውስጥ ተገኙ፤ የሞተሩ ብረት ከብረቱ ተጣብቋል። ግሪፕ አድርጓል፣ አይነሣም አለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሜዳው ሁሉ ገረጣ። እኛ የነቀልነው ሽንኩርት አውራ ጣት አያክልም። እሱን ይዛ ጎብዬ ገበያ የወጣችው እህቴ ናት፤ የሚያውቋት ሴቶች ፊታቸውን ሲያዞሩባት ዋሉ።

በበረሃው ወደ ሳዑዲ ልትሄድ ከቆቦ ስትነሣ መንገዱ ድረስ ሸኘኋት። ለውሃ አባት እውነቱን ልነግር ነው አልኳት። ቦርሳዋን ከእጄ ተቀበለችኝ።

"ብትነግር ቤታችን ከጉድጓዱ ይወጣል። ነገ መብራት ቢመጣ እንኳ አባዬ የሚያጠጣው መሬት የለውም። እኔ የሚወስዱብኝ የለኝም። ዝም በል።"

ዝም አልኩ። ከሄደች ወዲህ ስንት ግጥም ጀምሬ ቀደድኩ፤ ሁሉም እኔን አሳዛኝ፣ እሷን ጀግና ያደርጋል። የሆነው ግን አንድ ሰው ቫልቭ መዝጋቱ፣ ሌላዋ መሄዷ ነው።

ስልኳ ከሠመራ ወዲያ አልሠራም። አባቴ በየቀኑ ከአሱር ሶላት በኋላ መጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል። እደውላለሁ።

"ጠራ?" ይለኛል።

"አልጠራም።"

ትናንትም እንዲሁ ሆነ። ሊነሣ ሲል መሬት መሬት እያየ፣ "እሷ ቫልቩን የምትነካ ልጅ አልነበረችም" አለ። ፊቴን አላየም። መልሼ ደወልኩ።